ካርታው ላይ የሌለው ሠላሳ ሜትር

ቀናሁበት። በቃ፣ ደብቄው ምን አገኛለሁ? የቀናሁት በገዛ ታናሽ ወንድሜ ነው። ፊደል ያስቆጠርኩት፣ አፍንጫውን የጠረግኩለት ልጅ የኬብል መቆጣጠሪያ ክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ሲሾም፣ ሃያ ሁለት ዓመት መሬት ስቆፍር የኖርኩት እኔ "እንኳን ደስ አለህ" ብዬ አቀፍኩት። ውስጤ ግን እርር ድብን አለ።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ያ ስክሪኑ ነው። ድሮ፣ የተቀበረው ከፍተኛ ኃይል ኬብል ምን ያህል እንደጋለ የማውቀው እኔ ነበርኩ። በየሳምንቱ መስመሩን በእግሬ እየተከተልኩ ረጅሙን ቴርሞሜትር አፈር ውስጥ እሰካለሁ፣ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ "ጭነት ቀንሱ" ካልኩ ይቀነሳል። አሁን ከኬብሉ ጎን በተቀበረ ባዶ ቧንቧ ውስጥ ሙቀት የሚለካ ቀጭን ክር አሳልፈዋል፤ እሱ ወንበሩ ላይ ተንፈላስሶ ሁሉንም ያያል። እናታችን ደግሞ አትተወኝም። "ልጄ ቁጭ ብሎ ከተማ ያበራል!" ትላለች። እኔስ ቆሜ ምን ሳደርግ ኖርኩ፣ እማዬ? ሻማ ስሸጥ?

አንድ ነገር ግን እኔ ብቻ አውቃለሁ። ከስምንት ዓመት በፊት ኬብሉ በሥሩ የሚያልፍበት ዳቦ ቤት ግንቡን ሲያሰፋ፣ ሠላሳ ሜትር ኬብል አንስተን ከመንገዱ ማዶ፣ ልብስ ሰፊው አጥር ሥር ቀበርነው። አሸዋ ስላለቀብን የግንብ ፍርስራሽ ሞላንበት። ፍርስራሽ ሙቀት አያስወጣም፤ ኬብሉን እንደ ብርድ ልብስ ያፍነዋል። "ካርታውን ነገ አስተካክላለሁ" አልኩ። ያ ነገ እስካሁን አልመጣም። ባዶው ቧንቧ የድሮ ቦታው ላይ ስለቀረ፣ የወንድሜ ክር እዚያ ጋ የሚለካው ኬብል የሌለበትን ቀዝቃዛ አፈር ነው።

ማክሰኞ ዕለት፣ በዚያ አናት በሚበሳ ፀሐይ፣ ከተማውን አብሮ የሚመግበው ሌላኛው ኬብል ለጥገና ተዘጋና ጭነቱ ሁሉ በዚህኛው ላይ ወደቀ። ስክሪኑ እስከ ስድስት መቶ አርባ አምፒር ይፈቅዳል። አጥሩ ሥር ግን ከአምስት መቶ ካለፈ የኬብሉ ልባስ ይቀልጥና ይፈነዳል። ከፈነዳ ግማሽ ከተማ ይጨልማል፣ ወንድሜም ከወንበሩ ይነሳል።

እውነቱን ልናገር፣ አጥሩ ሥር የሄድኩት ሲፈነዳ ለማየት ነው። ቴርሞሜትሬን ሰካሁ፣ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ፣ ተቀመጥኩ። ይበለው! ስክሪኑ ያድነዋ! አርባ ደቂቃ ሙሉ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። አፈር ቀስ ብሎ ነው የሚግለው፣ ቆይ ብቻ፣ አልኩ። ከልብስ ሰፊው ቤት ስፌት መኪናው ይንጣጣል። በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ድንገት፣ ወንድሜ ልጅ ሳለ መብራት ሲጠፋ እጄን ጭምቅ አድርጎ ይይዝ እንደነበር ትዝ አለኝ። ወይ መከራዬ! ስልኬን አወጣሁና ደወልኩለት።

"ጭነት ቀንስ! ዳቦ ቤቱ ጋ ስክሪንህ ይዋሻል፣ ኬብሉ እዚያ የለም!"

"ቀንሻለሁ፣ ወንድም ጋሼ። ከጠዋት ጀምሮ ከአራት መቶ ሰማንያ አላሳለፍኩትም።"

"ማን ነገረህ?"

"ድመቶቹ። ልጅ ሆኜ በብርድ ጠዋት ይዘኸኝ እየዞርክ፣ ድመት ተኮልኩሎ በተኛበት ሥር ኬብል አለ ትለኝ አልነበር? ባለፈው ሳምንት በጠዋት ሳልፍ ሁሉም ልብስ ሰፊው አጥር ሥር ተኝተዋል። ዳቦ ቤቱ ጋ አንድም የለ። ከዚያ የድሮ ደብተሮችህን ሳገላብጥ መዛወሩንም ፍርስራሹንም ጽፈኸው አገኘሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?"

"አንተ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው። የካርታውን ማረሚያ ቅጽ ሞልቼ ጠረጴዛህ ላይ አድርጌዋለሁ። በአንተ ስም ነው፣ ፈርምበት ብቻ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እኔ እንደገና ቀናሁ። በደግነትም በለጠኝ!

"እዚያ የደረስከው መቼ ነው?" አለኝ።

"አሁን ገና።"

"እሺ፣ ወንድም ጋሼ" ብሎ ዘጋው።

ልብስ ሰፊው ውሃ በጆግ ይዞ ወጣ። "ይቅርታ፣ የሰው ሱሪ ይዤ ዘገየሁብህ" አለኝ። "ወንድምህ አጥሩን እይልኝ ብሎ ደውሎ፣ እዚህ መቀመጥህን ስነግረው፣ ውሃ ስጥልኝ ካለኝ ግማሽ ሰዓት ሆነው።"