ወደ ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ

ሰፈሩ አባ መቀስ ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ወገብ ሲለኩ የኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ የሚለካ ደንበኛ ሲያጋጥማቸው «ተንፍስ ጌታዬ፣ ሱሪው የሚያፍነው አንተን እንጂ እኔን አይደለም» ይሉ ነበር። በስተርጅና ግን ራሳቸው አታላይ ሆኑ።

ነገሩን ያመጣችው ልጃቸው ናት። ሙያውን ከእሳቸው ተምራ እሷም ልብስ ትሰፋለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ በየእሁዱ ትመጣና በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች ታያቸዋለች።

«አባዬ፣ ከስተህ ሱሪህ ሲንሸራተት ያየሁ ቀን እኔ ቤት ትገባለህ። አለቀ!»

የእሷ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። እዚያ የወጣ ሽማግሌ የሚወርደው በሰው ሸክም ነው። እዚህ ግን በራቸውን ራሳቸው ከፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ጥግ ያለው ፀጉር አስተካካይ ጋ ሄደው ሲከራከሩ ይውላሉ። የቀረቻቸው ነፃነት ይህችው ናት።

ለብቻ የሚበላ ምግብ አልዋጥ ብሏቸው ከሱ። ሌላ ሰው ቢሆን እንደምንም ብሎ ይበላ ነበር፤ እሳቸው ሱሪያቸውን አጠበቡ። ቀጥሎ ሸሚዙን፣ ቀጥሎ ኮቱን። እሁድ ሲደርስ ልጅቷ «ጎሽ፣ እንደነበርክ ነህ!» ትላለች። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የእሷ ዓይን ልብሱ ላይ ቀረ።

«አባባ፣ ፊትዎ እኮ አለቀ» አላቸው ፀጉር አስተካካዩ።

«በምላጭህ ፍቀህ ጨርሰኸው ነዋ!»

ሳቁ። ከወንበሩ ለመነሳት ግን የፀጉር አስተካካዩን ክንድ ያዙ።

አንድ እሁድ ልጅቷ ስትመጣ ስፌት መኪናው ሥር ወድቀው አገኘቻቸው። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ይከብዳሉ ብላ በሙሉ ኃይሏ ብታነሳቸው እንደ ባዶ ኮት ብድግ አሉ። ያን ጊዜ ጮኸች።

አራተኛ ፎቅ በአማቻቸው ጀርባ ወጡ። ልጅቷ ልብሳቸውን ስትቀይር ዳሌያቸው ተልጦ አየች። ሱሪውን ገለበጠችው። ወገቡ በእጥፍ ላይ እጥፍ ተሰፍቷል፤ ጨርቁ ወፍሮ ደድሯል። ስፌቱን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«እኔን ለማታለል ነው? ምን አለ ብትበላ? እሺ፣ ትርፉን እንኳ ብትቆርጠው አጥንትህን ባልላጠህ!»

«ከቆረጥኩትማ ስወፍር ምን እለብሳለሁ?»

ልጅቷ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ የእሳቸውኑ መቀስ አነሳች።

«ተይው ልጄ፤ ያስፈልገኛል።»

«ያቆስልሃል አባዬ።»

ቆረጠችው። እሳቸው ድምፁን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ወዲህ መቼ ነው ቤቴ የምመለሰው ብለው ጠይቀው አያውቁም።