የእናቴ ስለት፣ የእኔ ነሐስ

ነሐስ ነው ያመጣሁት። ይህን አስቀድሜ መናገር ይሻለኛል፤ ምክንያቱም ያገኘኝ ሁሉ «ወርቃችን!» እያለ ያቅፈኛል፣ እኔም በሰው ፊት ማረም ሰልችቶኛል። በአፍሪካ ጨዋታዎች በአምስት ሺህ ሜትር ሦስተኛ ነው የወጣሁት። ከፊቴ የገቡት የሁለቱ ጀርባ አሁንም ዐይኔ ላይ አለ። ቢሆንም የቅልጥሜ አጥንት ተሰንጥቆ ለወራት ከተኛሁ በኋላ ያገኘሁት ነው። የመጀመሪያዬ ነው፤ ደረጃ ይዤ ያገኘሁት ከእሱ ሌላ የለኝም።

እናቴ የደወለችው ገና ቦሌ ሻንጣ እየጠበቅን ሳለን ነው። እንኳን ደስ ያለሽ የለ፣ እንደምን ገባሽ የለ።

«ይዘሽዋል?»

«ይዤዋለሁ ሃርሜ።» እናታችንን በኦሮምኛ ሃርሜ ነው የምንላት።

«እንዳትጥይው፣ አደራ! የማርያም ነው።»

«የማን?»

«የማርያም ነዋ! ተስያለሁ። ለሰኔ ማርያም ይዘሽው ትመጫለሽ።»

ነገሩ የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ባለፈው ሰኔ፣ እኔ በክራንች ስሄድ፣ እናቴ ሰበታ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ታቦት ወጥቶ በቆመበት፣ ሕዝብ ፊት ወጥታ «ልጄ ድና፣ ሮጣ፣ ሜዳሊያ ካመጣች ሜዳሊያውን ይዤ እመጣለሁ» ብላ ተስላ ኖሯል። አገር ምድሩ ሲያውቅ ያላወቅሁ እኔ ብቻ ነኝ። የሰው እናት ጃንጥላ ትሳላለች፣ መጋረጃ ትሳላለች፣ ቢበዛ ምንጣፍ ትሳላለች። የእኔዋ እኔ ገና ያልሮጥኩትን ሩጫ ሜዳሊያ ተሳለች!

አጠገቤ ቆማ ሻንጣዋን የምትጠብቀው ሃዋ ነበረች። በቴኳንዶ የብር ሜዳሊያ ያገኘች የቡራዩ ልጅ ናት፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው የተግባባነው። ፊቴን አይታ «ምን ሆንሽ? ሰው ሞተ?» አለችኝ። ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የእሷ እናት የሃዋን ሜዳሊያ ከቴሌቪዥኑ በላይ ለማንጠልጠል ምስማር አስመትታ ነው የምትጠብቃት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት እግሬ መሬት አልነካም። አሰልጣኝ ተሾመ «እረፍት ማለት እረፍት ነው፤ ጫካው ውስጥ ባይሽ ውርድ ከራሴ» ብሎኝ ነበር። ማረፍ ግን እንዴት ይቻላል? ሱሉልታ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ቁጭ ስል እግሬ አላርፍ ይለኛል። በማለዳ ሹልክ ብዬ ባሕር ዛፉ ውስጥ እገባለሁ። ሜዳሊያውን ቤት ትቼ መውጣት ስለምፈራ የቱታዬ ኪስ ውስጥ ከትቼ፣ ዚፑን ዘግቼ ነው የምሮጠው። እየዘለለ ዳሌዬን ይደበድበኛል። ሰንበር አወጣ።

አቀባበሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። መጀመሪያ ቡራዩ ሆነ። እኔና ሃዋን ክፍት መኪና ላይ አቁመው ዋናውን መንገድ አዞሩን። በልጅነቴ እዚያ የወጣቶች ፕሮጀክት ውስጥ ሠልጥኛለሁና የከተማው ሹም ማይክሮፎን ይዘው «የቡራዩ ፍሬ!» አሉኝ። በማግስቱ ሱሉልታ ላይ ሌላ ሹም «የሱሉልታ አየር ያሳደጋት!» አሉ። ሰበታ መግቢያ ላይ በፈረስ የወጡ ጎረምሶች ከበቡኝ፤ ጋቢ አለበሱኝ፤ «የሰበታ ልጅ!» ተባልኩ። ያገኘኝ ሁሉ ሜዳሊያውን ከአንገቴ ሳብ አድርጎ ይዳስሳል፣ ይነክሳል፣ ፎቶ ይነሳል። አንዱ እንዲያውም የራሱ አንገት ላይ አጥልቆ ካልተነሳሁ ብሎ ግብግብ ገጠመኝ። ሦስት ከተማ ተካፈለኝ፤ ለእኔ የተረፈኝ ነገር ቢኖር ያችው ኪሴ ውስጥ የምትደበድበኝ ናት። እሷንም እናቴ ሰጥታታለች።

የሰበታው አቀባበል ላይ እናቴን ከሕዝቡ መሃል አየኋት። «ባጋ ነጋን ዱፍቴ፣ ኢንተላ ኮ!» ብላ ጮኸች፤ ልጄ እንኳን በሰላም መጣሽ ማለቷ ነው። እኔም ከፈረሶቹ በላይ እጄን አወዛወዝኩላት። ወርጄ ላቅፋት ይገባ ነበር። ስለ ስለቱ እንዳታነሳብኝ ፈርቼ፣ ሱሉልታ ቀጠሮ አለኝ ብዬ በመጣሁበት መኪና ተመለስኩ። ቀጠሮ የሚባል አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ የእናቴ ሥራ በየቀኑ መደወል ሆነ። «ቀሚስሽን አጥቤልሻለሁ።» «የቤተ ክርስቲያኑን መምህር ነግሬያቸዋለሁ።» «ለሰኔ ማርያም እንዳትቀሪ።» እሺ እላለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ጫማዬን አስሬ እወጣለሁ። ቡራዩ ሃዋ ጋ እሄዳለሁ፤ ተቀምጬ ጁሱን ሳልጨርስ እነሳለሁ፤ በሚኒባስ ተመልሼ ሱሉልታ እገባለሁ። ሹፌሮቹ ሁሉ ለምደውኛል፤ ግማሾቹ ልምምዴ አሁን በመኪና ሆኗል ብለው ያፌዙብኛል።

«ምን ያስጨንቅሻል?» አለችኝ ሃዋ አንድ ቀን። «ግድግዳሽ ላይ ያንጠለጠልሽው የጎዳና ሩጫ ሜዳሊያ ሞልቶ የለ? አንዱን አውርደሽ ስጪያቸው። ማን ያውቃል?»

«እያሾፍሽ ነው?»

«እያሾፍኩ ነው። ግን ደግሞ ማን ያውቃል?»

ቤት ገብቼ ዐይኔ ግድግዳው ላይ ቀረ። እውነቷን ነው፤ ሞልቷል። የጎዳና ሩጫ ላይ የገባ ሁሉ ሜዳሊያ ይሰጠዋል፤ ሮጦ የገባውም፣ እየተሳሳቀና ራሱን ፎቶ እያነሳ በእግሩ ተጉዞ የገባውም። አንዱን አወረድኩ። ቀለሙ ነሐስ ይመስላል፤ ጥብጣቡም ያምራል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። በግራ እጄ አንዱን፣ በቀኝ እጄ ሌላውን ይዤ ክፍሌ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ከዚያ በራሴ በጣም ተናደድኩ። ሌባ አይደለሁም፤ ላቤን አፍስሼ ያመጣሁትን የራሴን ነገር ለማስቀረት ለምን እንደ ሌባ እሆናለሁ? የጎዳናውን ሜዳሊያ አልጋው ላይ ወረወርኩት። ሄጄ ፊት ለፊት አልሰጥም እላታለሁ አልኩ።

የማርያም ዋዜማ ሰበታ ገባሁ። ከአስፋልቱ ወደ ቤታችን የሚወስደው መንገድ ጭቃ ሆኖ ነበር። አባቴ ኦቦ ደቻሳ በረንዳ ላይ ሬዲዮ እየሰማ ነው፤ እናቴ ውስጥ ነጭ ቀሚሴን እየተኮሰች ነው። የጎረቤት ሴቶች ገና ስገባ እልል ሊሉልኝ ሲሉ «ይቅርታ፣ ደክሞኛል» ብዬ በትኛቸው ገባሁ። በቆምኩበት ነው የተናገርኩት። ከተቀመጥኩ አልናገርም።

«ሃርሜ፣ አልሰጥም።»

«ምኑን?»

«ሜዳሊያውን። የሮጥኩት እኔ ነኝ። የወደቅሁትም፣ የተነሳሁትም እኔ ነኝ። ማንንም ሳትጠይቂ ነው የተሳልሽው።»

ካውያዋን ቀጥ አድርጋ አቆመች። «ላሊሴ፣ ተስያለሁ'ኮ። ሰው ፊት ነው የተሳልኩት።»

«የራስሽን አትሳይም ነበር?»

አባቴ ከበረንዳ «አንቺ! ከእናትሽ ጋ ነው የምትነጋገሪው!» ብሎ ጮኸ። እናቴ ግን አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም፤ ብትራገም እንኳ እመርጥ ነበር። ቀሚሱን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችልኝና «ራትሽን ብዪ» አለችኝ።  ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል። ታቦቱ ወጥቶ በዝማሬ ዞሮ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመ። ትምህርቱ አለቀና የስለት ሰዓት ደረሰ። አንዷ ጃንጥላ ይዛ ወጣች፣ አንዱ በግ ጎትቶ ወጣ፣ ሌላዋ ጧፍ ተሸክማ ወጣች፤ ለሁሉም እልል ተባለ። እኔ ከሴቶቹ መሃል ቆሜ፣ ነጠላዬ ስር ሜዳሊያውን በመዳፌ ጨብጬ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግሬ እቆማለሁ። ከኋላዬ ያለች ሴት «ሽንትሽ ነው እንዴ?» አለችኝ።

መምህሩ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ዛሬ ልዩ ስለት አለን! አገራችንን ያስጠራች እህታችን... እናቷ ወይዘሮ ድንቅቱ፣ ይምጡ እንጂ!»

ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ። እናቴ ባዶ እጇን ወጣች። ማይክሮፎኑን ሲያቀርቡላት ወደ ኋላ ሸሸች፤ ከዚያ ግን ጠጋ አለች።

«አምና ሰኔ የተሳልኩት የራሴን አልነበረም» አለች። «የሰው ነገር ነው የተሳልኩት። ማርያም ይቅር ትበለኝ። እናንተም ይቅር በሉኝ።»

እልል ለማለት አፉን የከፈተው ሁሉ ስልኩን አወረደ።  ሴቶቹ ይንሾካሾኩ ጀመር። «እንዴ! ልጅቷ ከለከለቻት?» የሚል ሰማሁ፤ የሚያዩኝ ዐይኖች ጀርባዬን አቃጠሉኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሁን ሁለት ርምጃ ብሄድ፣ እጄን ብዘረጋ፣ ሁሉም ነገር ያልቃል፤ እልልታው ይቀልጣል፤ እናቴ ቀና ትላለች። አንዱን ርምጃ ሄድኩ። ሁለተኛውን አልሄድኩም። ስስት ነው፤ ስስት መሆኑን አላጣሁትም። እጄ ግን አልዘረጋ አለኝ።

ሸምገል ያሉት ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ወደ እናቴ ወረዱ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ድንቅቱ» አሏት። መስቀሉን ተሳለመች፤ መሬቱን ሳመች፤ በሰዎቹ መሃል ሰንጥቃ ወጣች። ሌላ ሰው ምንጣፍ ይዞ ቀረበ፤ እልልታው ቀጠለ።

የደረስኩባት ከቅጥሩ ውጭ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ጭቃው ውስጥ በፕላስቲክ ጫማዋ እየፈጠነች ትወርዳለች፤ ሯጭ ነኝ የምለው እኔ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ቀድሞ «አካም ጂርታ ድንቅቱ» ሳይሏት የማያልፉ ሴቶች ነጠላቸውን ስበው ያልፉናል። ልጠራት አፈርኩ። ራሷ ቆመችልኝ።

«ትናንት የራስሽን አትሳይም ነበር ወይ አልሽኝ» አለች። «ሌሊቱን እሱን ሳስብ አደርኩ። የራሴ ምን አለኝ? መሬቱ በአባትሽ ስም ነው። ላሚቱ ወንድምሽ ዲሪርሳ ሲያገባ ለእሱ ሄደች። ጃንጥላ ልሳል ብል እንኳ ደቻሳን ነው የማስፈቅደው። የኔ የምለው አንቺን ነው። አንቺን ደግሞ መሳል ፈራሁ። ማርያም የሰጧትን ብትወስድስ?»

 ሜዳሊያውን ከነጠላዬ ስር አወጣሁት። «እንመለስ ሃርሜ። እሰጣለሁ። አብረን እንሰጣለን።»

«ተይው።»

«ከልቤ ነው!»

«ከልብሽ እንደሆነ አላጣሁትም። ያንቺ ነው ብዬ ታቦት ፊት ተናግሬያለሁ፤ ቃሌን ስንት ጊዜ ልለዋውጥ?» ጥብጣቡ ጭቃ እንዳይነካው ከፍ አድርጋ በእጄ ውስጥ ጠቅልላ መለሰችልኝ። ከዚያ መንገድ ላይ እንደተገናኘ ሰው ወሬ ለወጠች። «ቀጣዩ ውድድርሽ መቼ ነው?»

«መስከረም።»

ራሷን ነቀነቀች። የነጠላዋን ጫፍ አስተካክላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ቂም የለም፤ ቁጣ ቢሆን በተሻለኝ ነበር።

«እንግዲህ ለመስከረሙ የምሳለው የለኝም» አለች። «ራስሽ ሩጪ።»

ወደ ቤቷ መውረድ ጀመረች። እኔ ሜዳሊያዬን እንደያዝኩ መንገዱ መሃል ቀረሁ። ሰው ፊት ወድቄ አውቃለሁ፤ አጥንቴ ተሰንጥቆ በሰው ትከሻ ከሜዳ ወጥቼ አውቃለሁ። እንዲህ ፈርቼ ግን አላውቅም።