ተድላ ያነበበላት ወረቀት

ሴትየዋ ድንኳኑ በር ላይ ስትደርስ ለቅሶው በአንዴ ጸጥ አለ።

ፀጉር የላትም። ጥፍሮቿ ጠቁረዋል። እግሯን የምታነሣው መሬቱ መኖሩን የተጠራጠረች ይመስል ቀስ ብላ ነው። ሟቹ ተድላ ከአዲስ አበባ ከሕክምና ተመልሶ ቦንጋ መናኸሪያ ሲወርድ ልክ እንዲህ ነበር የተራመደው።

«በስመ አብ!» አሉ ጎረቤቲቱ እትዬ አብርሆት፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው። «ራሱን መሰለችኝ እኮ።»

በዛወርቅ ከፍራሹ ላይ ቀና አላለችም። ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እሷ ግን የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የደም ካንሰሩ ጠፋ በተባለ በዓመቱ ሲያገረሽበት ሐኪሙ አልደበቃቸውም። «ሁለት መድኃኒቶችን አንድ ላይ ሰጥተን እየሞከርን ነው። ይሥሩ አይሥሩ ገና አላወቅንም» አላቸው። ተድላ ዝም አለ። «ለእኔ ስትል ሞክረው» ብላ ያለቀሰችው እሷ ናት። በማግስቱ የፈቃደኝነቱን ወረቀት ፈረመ። በአራተኛው ወር ሞተ።

ሴትየዋ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች። ከገላዋ የመድኃኒት ሽታ መጣ፤ በዛወርቅ ከትራሱ ላይ አጥባ አጥባ ያልለቀቀላት፣ ያ ብረት ብረት የሚል ሽታ።

«ሰብሌ እባላለሁ፣ እትዬ። ከቢታ ገነት ነው የመጣሁት። ሁለቱን መድኃኒት ከጋሽ ተድላ ጋር በአንድ ቀን ነው የጀመርነው።»

«አንቺስ... ተሻለሽ?»

ሰብሌ አቀረቀረች። «ባለፈው ሳምንት ደሜን አይተው፣ ለጊዜው የለም አሉኝ። እዚህ መጥቼ ይህን መናገር ያሳፍረኛል።»

«የሱን ዕድሜ ወስዳ ነዋ» አለች ከኋላ አንዷ በሹክሹክታ። ሰብሌ ሰማች፤ ግን ቀጠለች።

«እኔ አማርኛ ማንበብ አልችልም። የምንፈርመውን ወረቀት በአገሬ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ያነበቡልኝ ጋሽ ተድላ ናቸው። ‹የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ፤ አንድ ቃል አልዘልብሽም› አሉኝ። ‹ላይጠቅምሽ ይችላል› የሚለውን ሁለት ጊዜ ነው ያነበቡት። ‹ታዲያ እርስዎስ ሙከራው ውስጥ የሚገቡት ሰው ገፍቶዎት ነው?› አልኳቸው።»

«ምን አለሽ?»

ሰብሌ ዓይኗን ጨፈነች። ከአፏ የወጣው ግን ረጋ ያለ፣ በየቃሉ መሀል የሚያርፍ፣ የችሎት አነጋገር ነበር። «ማንም አልገፋኝም። ባለቤቴ ከመለመኗ በፊት ወስኜ ነበር። ዝም ያልኩት ፍርሃቴን እንዳታይብኝ ነው።»

የተድላ ድምፅ ነበር። ዙሪያውን የተቀመጡት ሴቶች ሸሸት አሉ። እትዬ አብርሆት አማተቡ።

ዝናቡ ሸራውን መደብደብ ጀመረ። በዛወርቅ እጇን ዘርግታ የሰብሌን ቀዝቃዛ የእጅ አንጓ ያዘች፤ ጣቷንም ደም ሥሯ ላይ አሳረፈች። ትርታው ይመታል። ቄሱ ለጸሎት ገብተው ሰው ሁሉ ከተቀመጠበት ሲነሣም አልለቀቀችውም።