ላይኛው ገንዳ ውስጥ የገባው እንግዳ

አርሳና መኪናውን ደጃፉ ላይ ሲያቆም የፊተኛው ወንበር ተይዞ ነበር። ሱዳርሚ መጀመሪያ አጎታቸው መስሏት ነበር። ጠጋ ብላ ስታይ ግን ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ረጅም ፈረንጅ ነው። ሚስቱም ከኋላ፣ ባርኔጣዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሱዳርሚ ራሷ ላይ የመባ ቅርጫት፣ ብብቷ ውስጥ ደግሞ ነጭና ቢጫ ጨርቅ የተጠመጠመበት አዲስ ቀርከሃ እንደያዘች እዚያው ቆማ ቀረች።

"እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?"

"እንግዶቼ ናቸዋ፣ ምቦክ።" ታላቅ እህቱን እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ምቦክ ነው የሚላት። "ዛሬ ወደ ባቱር ተራራ ላወጣቸው ቀጠሮ ነበረኝ። እኛም ወደዚያው ነን። መንገዱ አንድ፣ መኪናው አንድ፣ ምን ችግር አለው?"

"እኛ የምንወጣው ለሜሜ ጸበል ልናመጣ ነው።"

"እኮ! እሱን ነው ማየት የፈለጉት። ዳር ቆመው ያያሉ፣ አለቀ። ግቢ አሁን፣ ጉሙ ሳይወርድ እንድረስ።"

ገባች። በኋላ ከሆነው ሁሉ ይልቅ ራሷን ስትረግም የኖረችው በዚህ ነው፤ ያን ጠዋት አፏን ዘግታ በመግባቷ።

ሜሜ የሚሏቸው እናታቸው ከሞቱ አሥራ አራት ወር ሆኗቸዋል። በመንደራቸው ሰው ሲሞት ቤተሰቡ እስኪሰናዳና ቀኑ እስኪገኝ ድረስ ይቀበራል፤ ቀኑ ሲደርስ አጽሙ ወጥቶ ይቃጠላል፣ ነፍስም የዚያን ጊዜ ትፈታለች። የሜሜ ቀን ከነገ ወዲያ ነበር። አጽሙ እሳት ከመንካቱ በፊት የሚረጨው ጸበል ከብዙ ምንጭ ይመጣል፤ ዋናው ግን ከላይ ከተራራው፣ መንደሩ ከሚያመልካት ከሐይቁ እመቤት ምንጭ የሚቀዳው ነው። እሱ ነገ እኩለ ቀን ሳይሞላ ቤት መግባት ነበረበት።

ሱዳርሚ ትዳሯ ፈርሶ ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰች በኋላ እናቷን ስድስት ዓመት አስታማለች። አጥባለች፣ አጉርሳለች፣ ተሸክማ ፀሐይ ላይ አውጥታለች። ሜሜ ግን ጀምበር ባዘቀዘቀች ቁጥር ጆሯቸውን ወደ መንገዱ አቅንተው፣ "የአርሳና መኪና አይደለም?" ይሉ ነበር። ቱሪስት በሚያመላልስበት ከተማ የሚኖረው አርሳና በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። አንድ ቀን አምስት ቱሪስት ይዞ መጣና እናቱን የኮኮናት ቅጠል እየታቱ አስቀምጦ ፎቶ አስነሳቸው። ሲሄድ አንድ ቆርቆሮ ብስኩት ትቶላቸው ሄደ። ሜሜ ሳምንቱን ሙሉ የሚያወሩት ስለዚያ ብስኩት ሆነ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሱዳርሚ የቀቀለችው ሩዝ አንድም ቀን ተወርቶለት አያውቅም።

ሽቅብ ሲወጡ አርሳና በፈረንጅ አፍ ሳያቋርጥ ያወራል፣ ይስቃል። የገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ቆመ፤ ከታች ሐይቁ፣ ከማዶ ጥቁሩ ተራራ ፎቶ ተነሡ። ተመልሰው ሲገቡ ሴትየዋ እግሯን የምታሳርፍበት ስላጣች አርሳና በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ፣ "ምቦክ፣ እሱን ቀርከሃ ወለሉ ላይ አጋድሚላት እስቲ" አለ።

"ጸበል የሚገባበትን? እግር ሥር?"

"ገና ባዶ ነው እኮ! አንቺ ደግሞ ነገር ስታከብጂ!"

ቀርከሃውን ደረቷ ላይ አቀፈች። ሴትየዋ ፊቷን አየችና እግሯን ሰብስባ ተቀመጠች። አርሳና አላየም።

ምንጩ ከገደሉ ሥር ነው፤ በድንጋይ ደረጃ ብዙ ይወረዳል። ታች ሦስት አሸንዳ ያለው ሰፊ ገንዳ አለ፤ የመጣ ሁሉ እዚያ ይታጠባል። ከሱ በላይ፣ በትልቅ ዋርካ ሥር፣ ጥቁርና ነጭ ጨርቅ በታሰረበት አጥር ውስጥ ውሃው ከአለቱ የሚፈልቅበት ትንሽ ገንዳ አለ። እዚያ ማንም አይገባም። ቀጂው እንኳ ዳር ተንበርክኮ ነው የሚቀዳው። የምንጩ አገልጋይ ማንግኩ ቲርካ፣ ሰው ሁሉ በአክብሮት ጀሮ የሚላቸው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። መባውን ተቀብለው ደረደሩ፣ ሱዳርሚን ምንጣፉ ላይ አስቀመጧት፣ ቃጭላቸውን አንሥተው ጸሎቱን ጀመሩ።

"ወንድምሽስ?" አሉ በመሃል።

"መጣሁ ብሏል፣ ጀሮ።"

በጣቶቿ መሃል አበባ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። የእናቷን ስም ልትጠራ አፏን ስትከፍት ከላይ ቦጭረቅ የሚል ድምፅ ሰማች።

ፈረንጁ የአርሳናን ሽርጥ አገልድሞ ላይኛው ገንዳ ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቷል። ክንዶቹን ዘርግቷል። አርሳና ዋርካው ሥር አንድ ጉልበቱን መሬት አስነክቶ፣ ስልኩን አነጣጥሮ፣ "ትንሽ ወደ ግራ! ዓይንህን ጨፍን! እንደሱ!" ይላል።

ቃጭሉ ቆመ። ማንግኩ ቲርካ አልጮኹም። "አውጣው" አሉ፣ ይኸው ብቻ።

ሰውየው ወጥቶ ውሃው እየተንጠባጠበ ቆመ። ሚስቱ ፎጣ አልብሳው አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ አርሳናን ታያለች። ሱዳርሚ ድሮ ገበያ ላይ ሽርጥ ስትሸጥ የለቀመቻት ጥቂት የፈረንጅ ቃል አለቻት። ወደ ሰውየው ሄደች።

"ማን ግባ አለህ?"

"እሱ" አለ ሰውየው፣ ፊቱ አመድ መስሎ። "ለእናንተ ብቻ ተፈቅዷል አለን። ሽማግሌው ፈቅደዋል አለን።"

ማንግኩ ወደ ሱዳርሚ ዞሩ። "ልጄ፣ ዛሬ ከዚህ አይቀዳም። የገንዳው ውሃ ተጨልፎ ይደፋል፣ ገንዳው ይጠረጋል፣ ስለ በደሉም መባ ይቀርባል። ነገ ጎህ ሲቀድ አዲስ የፈለቀውን እሰጥሻለሁ።"

"ጀሮ፣ በጣም ይቅርታ" አለ አርሳና፣ ለእንግዶቹ በሚያሳየው ፈገግታ። ከዚያ እህቱን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አትጨነቂ። ስንመለስ መንገድ ላይ ሌላ ምንጭ አለ፣ ከዚያ እንሞላዋለን። ከየት እንደተቀዳ ማን ያውቃል? ውሃ ውሃ ነው። ሜሜ እንደሆነ አታይ።"

ያኔ ነው የፈነዳችው።

"አታይ? አታይ አልክ? ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይኗ መንገድ ላይ ሲንከራተት የት ነበርክ? ታይ ነበር እኮ! መኪና ባለፈ ቁጥር ታይ ነበር! አንተ ግን ስትመጣ ሰው አስከትለህ፣ እንደ ጦጣ አስቀምጠህ ልታሳያት! ዛሬ ደግሞ አጥንቷን ልታሳይ መጣህ!"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!"

"ይስማ! ለዚህ ለተራራው ሁሉ ይሰማ! የሽማግሌውን ቃል ከአፋቸው ሰርቀህ 'ተፈቅዷል' ትላለህ? አንተ ማነህና ነው የምትፈቅደው?"

"ወንድ ልጇ ነኛ!" አለ፣ እሱም አሁን ፊቱ ቀልቶ። "ቤቱም የኔ፣ መሠዊያውም የኔ! ባል ፈትቶሽ የተመለስሽ አንቺ ልታዢኝ ነው? ከነጓዝሽ የተቀበልኩሽ እኔ ነኝ!"

ሱዳርሚ እጇን አነሣች። ልትመታው ነበር። ማንግኩ በመሃል ገብተው ቆሙ እንጂ ትመታው ነበር።

"ሂድ" አለችው። "እንግዶችህን ይዘህ ሂድ።"

"ማታ እራት ቦታ ይዤላቸዋለሁ፤ ማውረድ አለብኝ። ነገ ጠዋት መጥቼ እወስድሻለሁ።"

"እንዳትመጣ። መኪናህን ካየሁ በድንጋይ ነው የምቀበልህ።"

ሴትየዋ ከመሄዷ በፊት እጆቿን አጋጥማ ለማንግኩ አጎነበሰች፤ ለሱዳርሚም። ሱዳርሚ ግን ፊቷን አዞረች። ይቅርታ የመቀበያ ሆድ አልነበራትም።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከማንግኩ ሚስት ጋር የገንዳውን ውሃ በኮኮናት ቅል ሲጨልፉ ዋሉ። ሱዳርሚ ውስጡን በእጇ ፈገፈገች፤ አተላውን አፍሳ ጣለች፤ ደረጃውን ከላይ እስከ ታች ጠረገች። ጥፍሯ ተሰነጠቀ። ከዚያ ቁጭ ብለው ለመባው ቅጠል መቁረጥ ሲጀምሩ አሮጊቷ አዩዋት።

"ልጄ፣ እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ነው። በንዴት መባ አይሠራም።"

"ታዲያ ልተወው?"

"አይ፣ ሥሪው። ቢላዋውን ግን ለኔ ስጪኝ።"

ሱዳርሚ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ ተከተለ። አሮጊቷ መቁረጣቸውን ቀጠሉ።

ጎህ ሲቀድ ገንዳው ሞልቶ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ አጥንት የሚነካ ቀዝቃዛ ውሃ። ማንግኩ ጸልየው በቀርከሃው ሞሉላትና አፉን በቅጠል ደፈኑት። "ለወንድምሽ ንገሪው" አሉ። "የጽዳቱንና የመባውን ድርሻ አንቺ ሠርተሻል። የበደለኛው ድርሻ ግን ቀርቷል። ዳክዬ ይዞ፣ ደረጃውን በእግሩ ወርዶ፣ ራሱ ይምጣ። ሌላ ሰው አይላክ።"

አስፋልቱ ዳር ከሐይቁ ሽንኩርት ጭኖ የሚወርድ መኪና አቆመች። ሾፌሩ ቀርከሃውን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

"ጸበል ነው፣ ምቦክ?"

"ለእናቴ ነው። ነገ ነው ቀኗ።"

ከጎኑ አስቀመጣት። ጆሮው ላይ ሰክቶት የነበረውን ሲጋራ መልሶ ኪሱ ከተተና ቆላ እስኪደርሱ አላጨሰም። ጉድጓድ ባየ ቁጥር እንደ ኤሊ እየተሳበ ያልፋል። ሱዳርሚ ቀርከሃውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ይህ ምንም የማታውቀው ሰው ለእናቷ ያሳየውን ክብር ከራሷ ወንድም ጋር እያነጻጸረች፣ ጥርሷን ነክሳ ወረደች።

ከመገንጠያው ጀምሮ ራሷ ላይ ተሸክማው በእግሯ ሄደች። ደጃፉ ላይ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። አርሳና ነጭ ለብሶ፣ ራሱን በነጭ ጨርቅ አስሮ፣ ከፊት ቆሟል። ሲያያት ሁለት እጁን ዘረጋ።

"ስጪኝ፣ ምቦክ። ወንዱ ልጅ ነው የሚያስገባው።"

ሱዳርሚ ቆመች። ሕዝቡንም እሱንም አየች።

"ይህን ለመቅዳት ትናንት ምንጩን ስጠርግ ነው የዋልኩት" አለች፣ ለሁሉም እንዲሰማ። "ምንጩን ያረከሰው ይኸው ነጭ ለብሶ ቆሟል። እንግዳውን ለፎቶ ብሎ ከላይኛው ገንዳ ያስገባው እሱ ነው። አሁን ንገሩኝ፤ ጸበሉን ማን ያስገባው?"

አጎታቸው ከበሩ ሥር ብድግ አሉና የአርሳናን ትከሻ ይዘው ወደ ዳር አደረጉት።

"እሷ ታስገባ" አሉ።

በማግስቱ አጽሙ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ በነጭ ጨርቅ ሲጠቀለል ጸበሉን የረጨችው ሱዳርሚ ነበረች። ሌላው ሁሉ ያለቅስ ነበር። እሷ አላለቀሰችም። አጎንብሳ፣ በሰው ዓይን ጸሎት የምታደርስ መስላ፣ "ይህን ያመጣሁልሽ እኔ ነኝ" አለች ለእናቷ። "እሱ አይደለም። ሰማሽኝ? እኔ ነኝ።" እሳቱ ተለኮሰ። ሱዳርሚ ጭሱ ወደ ሩዝ እርሻው እስኪበተን ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም።

አመሻሹ ላይ አርሳና ጓሮ መጣባት። "በአገር ፊት አዋረድሽኝ።"

"አዎ።"

"ይኸው ነው መልስሽ?"

"ማንግኩ ቲርካ ዳክዬ ይዘህ ና ብለውሃል። እስክትሄድ ድረስ የዚህን ቤት መሠዊያ እጅህ እንዳይነካው። ቤቱ ያንተ ነው ብለሃል፤ ይሁን፣ ያንተ ነው። መሠዊያው ላይ መባ የማቀርበው ግን እኔ ነኝ፤ ካየሁህ እንደገና እናገራለሁ። ገበያ መሃል እናገራለሁ።"

ሦስት ሳምንት አኮረፈ። እንግዶቹን እየጫነ ሲመላለስ በደጃፉ ያልፋል፤ አይቆምም። መንደሩም ዝም አላለውም፤ ሻይ ቤት በገባ ቁጥር አንዱ ተነሥቶ፣ "አርሳና፣ ትንሽ ወደ ግራ! ዓይንህን ጨፍን!" ይለዋል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት መኪናውን አቁሞ፣ በተውሶ ሞተር ብስክሌት፣ ዳክዬ በቅርጫት አስሮ ወጣ።

ሲመለስ ዝናብ ደብድቦት ነበር፤ ጭቃው እስከ ጉልበቱ። ሱዳርሚ ማድ ቤት በር ላይ ቆማ አየችው።

"አሮጊቷ መጥረጊያ ሰጡኝ" አለ ሳያያት። "ደረጃውን በሙሉ አስጠረጉኝ። ስጨርስ እንደገና ከላይ ጀምር አሉኝ።"

"ማንግኩስ?"

"ምንም አላሉም። ዳክዬውን ተቀበሉ፣ ጸለዩ፣ ረጩኝ።" የጉልበቱን ጭቃ እየፋቀ፣ "ሜሜ በየቀኑ ነበር እንዴ መንገዱን የምታየው?" አለ።

"በየቀኑ።"

አርሳና ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ሱዳርሚ ልታጽናናው አልፈለገችም። ንዴቷ እንዳለ ነበር፤ ልትጥለውም አልቸኮለችም፤ ስድስት ዓመት የተጠራቀመ ነገር በአንድ ዳክዬ አያልቅም። ገብታ ሩዝና ትንሽ ዓሣ በሳህን አደረገች፤ አምጥታ ከጎኑ አስቀመጠችለት፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።