ኃይለኪሮስና ፍሪሲዮን የሌላት መኪና

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ወንበር ሳብ አድርጋችሁ አጠገቤ ተቀመጡ። የማወራችሁ ስለ ባለቤቴ ስለ ኃይለኪሮስ ነው። እኔ አፀደ ስለ መኪና ብዙም አላውቅ፤ ያየሁትን ግን እነግራችኋለሁ።

ኃይለኪሮስ ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ ነድቷል። የግራካሱን ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ሙሉ ጭነት ይዞ ሲወርድ ማርሽ እየቀነሰ በሞተሩ ይይዛት ነበር እንጂ ፍሬን ላይ አይተኛም። ጡረታ ሲወጣ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ገባን። ልጃችን ሣባ ወንድ ልጅ ወለደችልን። ክርስትናው ነገ ሊሆን፣ «የመጀመሪያ የልጅ ልጄን ቤተ ክርስቲያን የማደርሰው እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ ነድቼ» አለ። ሌላ ምንም አልለመነንም።

የሣባ መኪና ግን አውቶማቲክ ናት።

«እሺ አቦይ፣ ዛሬ ይሞክሯት። ከተመቸዎት ነገ እርስዎ ይነዳሉ» አለችው።

ሕፃኑን ለአክስቱ ለዮሃና ትተን፣ ሣባ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወጣን። ገና ከግቢው በር ፈቀቅ እንዳልን መኪናዋ ቀጥ አለች። ነጠላዬ ፊቴ ላይ ተከመረ።

«ምን ሆኑ አቦይ?»

«ፍሪሲዮን ረገጥኩ።»

«የላትም እኮ! የረገጡት ፍሬን ነው።»

«ታዲያ ይሄ ግራ እግሬ ምን ይሥራ?»

«ምንም። ዝም ብሎ ይቀመጥ።»

እግሩን ቁልቁል አየው፤ የሰው እግር ይመስል።

ዳገቱን ስንወጣ ሞተሩ ድምፁን ቀየረ። «ማነው ማርሽ የቀየረው?» አለ።

«ራሷ ናት።»

«ሳትጠይቀኝ?»

እኔ ሳቄ መጣ፤ ፊቱን በመስታወቱ ሳየው ግን ዋጥኩት።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። እጁ ወደ ማርሹ ሄደና እዚያው ቀረ። «አሁን በምን ልቀንስ?»

«ፍሬን ይያዙ በቃ።»

«እስከ ታች ድረስ? ይግልና ይከዳኛል!»

«አቦይ፣ ይሄ እኮ ግራካሱ አይደለም።»

ዳር ይዞ አቆመ። ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን የማርሹን ፊደላት አየን። «ይቺ ኤል የምትለዋ ምንድን ናት?» አለ።

«እንጃ፣ ነክቼያት አላውቅም። ዝቅተኛው ማርሽ መሰለኝ።»

ሞከራት። ሞተሩ አጓራ፣ መኪናዋም እየተጎተተች ቀስ ብላ ወረደች። ኃይለኪሮስ ፈገግ አለ። እኔም በልቤ፣ በቃ ነገ እሱ ነው የሚነዳው አልኩ።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ግን ማርሹን መመለሱን ሁለቱም ረሱት። እያጓራን መኪና ወደሚበዛበት ወደ ኢምፔሪያል ሰፈር ገባን። ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ረዳት በመስኮቱ ወጥቶ ጮኸ፤ «ፋዘር! ማርሽ ጨምር እንጂ፣ ሞተሯ እኮ አለቀሰች!»

ማርሽ ጨምር ሲባል ያ ግራ እግሩ ሳያስበው ተነሣ፤ ፍሬኑን ደፈጠጠው። ከኋላ ጎማ ሲጮህ ሰማሁ። ሚኒባሱ እኔ የተቀመጥኩበት ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቆመ።

ሣባ አልተቆጣችም። እሱም አላመካኘም። ጥጉን ይዞ ቆመና ቁልፉን ሊነቅል ቢታገል እምቢ አለው።

«ማርሹን ፒ ላይ፣ ማቆሚያው ላይ ካላደረጉት አይወጣም» አለች ቀስ ብላ።

«ለመውረድም ፈቃድ ይጠየቃል?» አለ። ፒ ላይ አድርጎ ነቀለው፤ ዘረጋላት። «ነገ አንቺ ንጂ። ሕፃኑ አለበት።»

«አቦይ፣ እኔ እኮ...»

«ጭንቅላቴ ገብቶታል፤ እግሬ ነው ያልሰማኝ። ሌላ ቀን እለማመዳለሁ። ነገ ግን አንቺ።»

ብድግ ብላ ልትከራከር ትችል ነበር፤ ወይ ቀልዳ ልታልፈው። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ቁልፉን በሁለት እጇ ተቀበለችው።

ወደኔ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ያን ሁሉ ዘመን ከኋላ ተቀምጦ ስለማያውቅ ቀበቶው የት እንደሚሰካ ጠፋው፤ እኔ አሰርኩለት።

«ተከፋህ?» አልኩት።

«እንጃ አፀደ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም ከፍቶት ይሁን ቀሎት እስከዛሬ አልለየሁም።

በማግስቱ ሣባ ነዳች። እሱ የሕፃኑን እግር በመዳፉ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። እናንተም ልጆቼ፣ አንድ ቀን አባታችሁ ቁልፉን ሲዘረጋላችሁ፣ እባካችሁ የሣባን ሁለት እጆች አስታውሱልኝ።