ተንቀሳቅሷል

እኔ ገሠሠ ሚዛን ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ፎቶ ሳነሳ፣ የተበላሸ ምስል ከፎቶ ቤቴ ወጥቶ አያውቅም። ደንበኛ ዓይኑን ከጨፈነ እንደገና ነው። ከተወዛወዘ ደግሞ «ተንቀሳቅሷል» እላለሁ፣ እደመስሰዋለሁ፣ አለቀ! ደረቅ ነው ብለው ያሙኛል፤ ይሙኝ።

ልጄ ሳባ ግን ይህን አመሌን አትወደውም። ቴፒ ነው የምትማረው። ባለፈው ዓመት ኅዳር ለእረፍት መጣችና ካሜራዬን ለምና ወሰደች። ያን ቀን ባለቤቴ እማዋይሽ ግቢ ውስጥ ቀይ እሸት ቡና ከነልጣጩ ደርቆ ጀንፈል እንዲሆን አስጥታ ነበር። የእኛ አገር ዝናብ መች ይታመናል? ፀሐይ እያለ ዱብ ዱብ አለ። እማዋይሽ ቢጫ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እየሳቀች፣ ዝናቡን እየተሳደበች ቡናውን ልትሰበስብ ሮጠች። የእኔዋ ጉድ እናቷን በማገዝ ፈንታ ፎቶ ታነሳለች!

በማግስቱ ሱቅ ድረስ መጥታ አሳየችኝ። ምኑን ልንገራችሁ፤ ፊት የለ፣ እግር የለ! ቢጫ ነገር ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፣ ከሥሩ የቡናው ቅላት ተጎትቷል፣ መሃል ላይ ጥርስ የመሰለ ነጭ ነገር ብልጭ ይላል።

«ተንቀሳቅሷል» አልኳት።

«አውቄ ነው አባዬ። ሸተሩ ቀስ ብሎ እንዲዘጋ አዘግይቼው ነው። እማዬ ቆማ አይቻት አላውቅም፤ እንዴት ቆማ ላንሳት?»

«ድንቄም ፎቶ አንሺ! እናትሽ የታለች?»

«ደስታዋ አለ» አለች። ሳቅሁባት። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቅዳሜ የደንበኛዬ የሙሐመድኑር ሰርግ ነበረብኝ፤ የካሜራው ሚሞሪ ሞልቷል። ልጅቷ ሌላ ቦታ ገልብጣው እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ሁሉንም ጠረግሁት። ስትሰማ አልጮኸችም። «ግድ የለም፣ ስመጣ እንደገና አነሳታለሁ» ብላ ወደ ቴፒ ተመለሰች።

እንደገና የሚባል ነገር አላገኘችም። እማዋይሽ ጥር ላይ ታመመች፣ በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ለለቅሶው ምስል ያስፈልግ ነበር፤ አልቃሾች ከፍ አድርገው የሚይዙት። ቤቱን አመስሁት። የሰርጋችንን ፎቶማ ድሮ እርጥበት በልቶታል። የከተማውን ሙሽራ ሁሉ ያነሳሁ ሰውዬ፣ የሚስቴ ያለኝ ለቀበሌ መታወቂያ ያነሳኋት ጉርድ ብቻ! ያን ቀን «ቀና በይ። አትሳቂ። አትንቀሳቀሺ» ያልኳት እኔው ነኝ። ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ተቆጥቻታለሁ። እሱኑ አሳድጌ አተምሁት።

ጥርት ብሏል። የቅንድቧ ፀጉር ይቆጠራል። ጎረቤታችን ወይዘሮ አስካለች ተቀብለውኝ ከፍ ሊያደርጉት ሲሉ ቆም ብለው አዩት። «እማዋይሽዬ፣ ማን አስቆጣሽ?» ብለው ለቅሷቸውን ለቀቁት። ያስቆጣኋትስ እኔ ነኝ።

ሳባ አንድ ጊዜ አየችውና ፊቷን አዞረች። «ያቺን ሩጫዋን ብትተውልኝ ምን ነበረበት አባዬ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ትደውላለች፣ ጤናዬን ትጠይቃለች፤ የፎቶ ነገር ግን አንስታ አታውቅም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የእኔ ነገር። ዘንድሮ ቡናው ሲደርስ እንደ እማዋይሽ ግቢው ውስጥ አሰጣሁ። ካሜራውን ስታንድ ላይ አቆምሁ፣ ሳባ እንዳለችው ሸተሩን አዘገየሁ። ምን አስቤ እንደሆነ እኔንጃ! አንድ ብዥ ያለ ነገር ወጥቶልኝ ቴፒ ብልክላት ብዬ ይሆናል። ዝናቡ ዱብ ዱብ ሲል ቁልፉን ተጫንሁ።

ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። አጥሩ፣ የወጥ ቤቱ በር፣ የተሰጣው ቡና፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ወጥቷል። የሚንቀሳቀስ ሰው የለበትም። ቀና ስል ቡናውን ዝናብ እየመታው ነበር፤ ተነስቼ አልሰበሰብሁትም።