የአንድ መቶኛ ጉድለት

«መቶኛ» ብለው ያወጡላት ስም ያለ ነገር አይደለም። ሌላው ሰው በክንድና በስንዝር ሲለካ እሷ በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው የምትከራከረው። ሞተር ማደሻ ቤት ውስጥ የተበላ ክራንክሻፍት፣ ማለትም የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ እየሞረደች ወደ ልኩ ትመልሳለች። በዚያ ቀዝቃዛ ጠዋት ማሽኑ ላይ ያሰረችው ግን የታናሽ ወንድሟን ሚኒባስ ክራንክሻፍት ነበር። ከዚህ በፊት ተሞርዶ ተሞርዶ አሁን የቀረለት የመጨረሻው ልክ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከቀጠነ የሚገጥምለት ብሮንዝ የሚሉት ማቀፊያ የለም፤ ዘይቱ በክፍተቱ ያመልጣል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ወንድሟም መተዳደሪያውን ያጣል።

የመጨረሻዋን ስስ ዙር ስትሞርድ፣ የማሽኑ ውኃ እንዳይረጨው ብላ መለኪያውን ሹራቧ ውስጥ ከተተችው። ጨርሳ ለካች። አንድ መቶኛ ጎደለ። ደግማ ለካች፤ ያው ነው። ክው ብላ ቀረች።

መደባበቅ አታውቅበትም። በር ላይ ወደሚጠብቃት ወንድሟ ወጥታ «አበላሸሁት» አለችው።

እሱ መሬት መሬቱን አይቶ «ይሁን እታለም፣ ብረት ነው» አለና ወደ ግቢው ጥግ ሄደ።

ሰው ሲጨንቀው የሚያሳብብበት አያጣም፤ እሷም ተመልሳ ገብታ መለኪያውን ጠረጠረችው። ልኩ የታወቀውን የማነጻጸሪያ ብረት ከሳጥኑ አውጥታ ለካች። እሱም አንድ መቶኛ ጎደለ። ያንን ደግሞ ማንም አልሞረደውም። መለኪያውን ዳሰሰችው፤ ሞቋል። የገላዋ ሙቀት ለጥጦት ሁሉን ነገር አሳንሶ ያሳያታል።

ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው እስኪበርድ ጠበቀች፤ ብረት ለመብረድ እንዲህ እንደሚለግም አታውቅም ነበር። ከዚያ የማነጻጸሪያውን ለካች፤ ልክ ነው። ክራንክሻፍቱን ከዳር እስከ ዳር ለካች፤ ልክ ነው። እፎይ ብላ ብቻዋን ሳቀች።

ልትነግረው ስትሮጥ ጀርባውን ሰጥቷት ከሚስቱ ጋር በስልክ ያወራል። «ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል፤ «ዘይት ሳልጨምር ስነዳው ድሮም አልቆለት ነበር። እሷ ምንም አላጠፋችም። ስትመጣ ፊትሽን እንዳታጠቁሪባት።»

መቶኛ እንባዋ ቀደማት። ይህ ሰው እኮ እሱ ሳይበላ መኪናውን ዘይት የሚያጠጣ ሰው ነው።

«ዝጋው ስልኩን» አለችው። «ብረቱ ደህና ነው። መለኪያውን ያሞቅሁት እኔ ነኝ።» ጎትታ አስገብታ እስክታሳየው አላመናትም። ሲያምን እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ሞተሩ ተገጥሞ የተነሣ ዕለት ሚስቱም መጥታ ነበር። የዘይት ማስጠንቀቂያው መብራት ወዲያው ጠፋ፤ ሞተሩ ሳያንኳኳ፣ ሳይንቀጠቀጥ ሠራ። ወንድሟ መሪውን ይዞ እንደ ሙሽራ ፈገግ ብሏል። ሚስቱ ወደ መቶኛ ጠጋ አለች።

«ያን ዕለት ዘይት ሳልጨምር ነዳሁት ሲለኝ ወዲያው ነው የነቃሁበት» አለቻት። «እሱና ዘይት መርሳት? ግን ያመንኩ መሰልኩ። አለዚያ አንቺ አፍረሽ ቤታችን መምጣት ትተዪያለሽ ብዬ ፈራሁ።»